ፎርሙ የጣላትን ደላላ ያነሳታል

ድምፄን ዝቅ አድርጌ የማወራው ነገሩ የሚያሳፍር ስለሆነ አይደለም። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ቆሞ ስለ ውጭ አገር ገንዘብ ጮክ ብሎ ያወራ ሰው ወዲያው ደላላ ይመስላል። እኔ ደላላ አይደለሁም። ደላላ የማይነግርሽን ግን አውቃለሁ።

ያደግኩት እዚያው ጎጃም በረንዳ አካባቢ ነው። የነርስነት ሥራ የጀመርኩትም መርካቶ ዙሪያ፣ ዓረብ አገር ለሚሄዱ ሴቶች «ሜዲካል» በሚሠራ ክሊኒክ ነበር። ኋላ አሜሪካ ተሻግሬ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ለሌላ ሰው ልጅ ለማርገዝ የሚያመለክቱ ሴቶችን ፋይል በሚመረምር ቢሮ ተቀጠርኩ። ሁለቱንም በር ከውስጥ በኩል አይቻቸዋለሁ። ሰሞኑን የሰፈር ልጆች በቴሌግራም የሚልኩልኝ ጥያቄ ተቀይሯል። ድሮ «እትዬ፣ ቤሩት ይሻላል ዱባይ?» ነበር። አሁን «እትዬ፣ የማህፀን ኪራይ የሚሉት ነገር እውነት ነው? እኔስ መስፈርቱን አሟላለሁ?» ሆኗል።

እውነት ነው። ታሟዪ እንደሆን ግን ጠጋ በይና ስሚኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ፈላጊዎቹ ባልና ሚስት ወይም የለጋሽ እንቁላልና ዘር ላቦራቶሪ ውስጥ ተገናኝቶ ፅንስ ይሆናል። ፅንሱ በቀጭን ቱቦ ሌላ ሴት ማህፀን ውስጥ ይገባል። ያቺ ሴት፣ ፈረንጆቹ ሰሮጌት የሚሏት፣ ተሸክማ ትወልዳለች፣ ወልዳም ታስረክባለች። የራሷ እንቁላል የለበትም፤ ልጁ በደም አይዛመዳትም።

ሜዲካልን የለመደች የመርካቶ ልጅ መጀመሪያ ግራ የሚገባት እዚህ ላይ ነው። ለዓረብ አገር ስትመረመሪ ሽንትሽ «እርጉዝ ናት» ካለ ጉዞሽ ቀረ ማለት ነው። በዚህኛው ግን ወልደሽ የማታውቂ ከሆነ ፋይልሽ ጭራሽ አይከፈትም። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር የሚመክረው ዕድሜዋ ከ21 እስከ 45 የሆነ፣ ቢያንስ አንድ ልጅ ጊዜውን ጠብቃ ያለ ችግር የወለደች፣ በጠቅላላው ከአምስት ጊዜ፣ በኦፕሬሽን ደግሞ ከሦስት ጊዜ በላይ ያልወለደች ሴት እንድትመረጥ ነው። ወረቀቱ 45 ቢልም ብዙ ኤጀንሲዎች 40 ዓመት ሳይሞላሽ በሩን ይዘጉታል።

ወልዳ የምታውቅ ሴት ለምን? ሐኪሙ «ማህፀኑ የተፈተነ ስለሆነ» ይልሻል፤ ልክ ነው። ሌላው ምክንያት የሚነገረው ግን በሹክሹክታ ነው። ወሊድ ላይ ደም አልቆም ብሎ ማህፀን የሚወጣበት ጊዜ አለ። የራሷ ልጅ የሌላት ሴት የሰው ልጅ ስትወልድ ማህፀኗን ብታጣ ያንን የሚክስ ውል የለም፣ እንዲህ ያለውን ክስም ኤጀንሲ አይፈልግም። ወልዳ የምታውቅ ሴት ደግሞ ሕፃን አቅፎ መስጠት ምን እንደሚያሳጣ ገምታ ትፈርማለች ይባላል። ይኼኛውን እኔ እስከ መጨረሻው አላምንበትም፤ የራስን ልጅ መውለድ የሰውን ልጅ ማስረከብ አያስተምርም።

ቀጥሎ የወሊድ መዝገብ ይመጣል። «ሦስት ልጆች በሰላም ወልጃለሁ» ማለት አይበቃም። የእያንዳንዱ ወሊድ የሆስፒታል መዝገብ ገጽ በገጽ ይጠየቃል። እኔ ፋይል ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው የደም ግፊቱ መስመር ላይ ነበር። ከዚያ ስኳር፣ ከዚያ የፈሰሰው ደም መጠን፣ ከዚያ ልጁ የተወለደበት ሳምንት። «በሰላም ወለድኩ» ያለች እናት መዝገቧ ሲመጣ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቷት ይገኛል። ዋሽታ አይደለም፤ እኛ ዘንድ እናትም ልጅም በሕይወት ከወጡ «በሰላም» ነው የሚባለው። አገር ቤት ወልዳ የመጣች እህታችን ደግሞ የክትትል ካርዷ የት እንደገባ አታውቅም። መዝገብ ከሌለ ያ ወሊድ ለነሱ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ቂጥኝ፣ ጨብጥና ክላሚዲያ ይመረመራሉ፤ ባልሽም አብሮ ይመረመራል። ክብደትሽ ከቁመትሽ ጋር ይሰላል፣ ቢ ኤም አይ የሚሉት፣ ከ32 በላይ ከሆነ ብዙ ቦታ ይመልሱሻል። ሲጋራ አይታሰብም። ጫት አሜሪካ ውስጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ «ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ» የሚል መልስ አያድንሽም። የመጨረሻ ልጅሽን እያጠባሽ ከሆነ ጡት እስክታስጥዪ ትጠብቂያለሽ። ማንም በቅጹ ላይ የማይጽፈው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ግርዛት። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። ሐኪሙ ሲመረምርሽ ያየዋል፣ ይጠይቅሻልም። ዓይነቱ ከባድ ከሆነ፣ በተለይ የተሰፋ ከሆነ፣ ወሊዱን ስለሚያከብደው ፋይልሽ ላይ ጥያቄ ይነሳል። ቀድመሽ ራስሽ ብትናገሪ ይሻላል።

ሴቶች የሚወድቁት ግን በደም ምርመራ ሳይሆን በሥነ ልቦናው ነው። አንደኛው የታወቀው ፈተና 567 «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚባልባቸው ጥያቄዎች አሉት። ብዙዎቹ ጅል ጥያቄ ይመስላሉ፣ እየተደጋገሙም ይመጣሉ። የኛ ሴቶች ደግሞ ጨዋ ሆነው አድገዋልና ራሳቸውን መልአክ አድርገው ይመልሳሉ፤ ተቆጥቼ አላውቅም፣ ሰው አምቼ አላውቅም፣ ዋሽቼ አላውቅም። ፈተናው ይህን የሚይዝ የራሱ ወጥመድ አለው። ከልክ በላይ ጥሩ የሆነች ሴት የምትደብቀው ነገር አለ ተብላ ውጤቷ ዋጋ ያጣል። አልፎ አልፎ እንደምትናደድ ያመነች ሴት ታልፋለች። ከፈተናው በኋላ ቃለ መጠይቅ አለ። «ፅንሱ ችግር አለበት ቢባልና ወላጆቹ ይቋረጥ ቢሉ ምን ታደርጊያለሽ?» ይሉሻል። ኦርቶዶክስም ሁኚ፣ ሙስሊምም፣ ጴንጤም፣ እዚህ ላይ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ማለፍ አይቻልም። መልስሽ ውሉ ላይ ይጻፋል።

አሁን ወደ ዋናው ሹክሹክታ ልግባ።

አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ ኤጀንሲዎች የመንግሥት እርዳታ የምትቀበል ሴት አይወስዱም። ፉድ ስታምፕ ካለሽ፣ የቤት ኪራይሽን መንግሥት የሚደጉምሽ ከሆነ፣ በትህትና ይመልሱሻል። ፋይል አንባቢዎቹ ገቢሽን፣ ዕዳሽን፣ የባልሽን ሥራ ያያሉ። ምክንያታቸው ሁለት ነው፤ የሚከፈልሽ ገንዘብ እርዳታሽን ሊያስቆርጥሽ ይችላል፣ ደግሞም «ቸግሯት እንጂ ፈቅዳ አይደለም የፈረመችው» የሚል ዳኛ እንዳይመጣባቸው ይፈራሉ። ልብ በይ። ሥርዓት ባለበት ቦታ ችግር ራሱ የሚጥል መስፈርት ነው። ገንዘቡ በጣም የሚያስፈልጋት ሴት አትፈለግም።

መጀመሪያ ስሰማው ጭካኔ መስሎኝ ነበር። አሁን ከዝርዝሩ ሁሉ ሴቲቱን የሚጠብቃት መስመር ይኼ እንደሆነ አምናለሁ። ቀሪው ዝርዝር የሚጠብቀው በአመዛኙ ሕፃኑንና ከፋዮቹን ነው።

ድልድዩ አካባቢ የሚያገኝሽ ደላላ የሚጠይቅሽን ደግሞ አስቢው። ወልደሽ ታውቂያለሽ? ፓስፖርት አለሽ? ዕዳ አለብሽ? ጠያቂ ባል አለ? ያኛው ቢሮ ዕዳ ያለባትን ይመልሳል፣ ይኼኛው የሚፈልገው እሷን ነው። ባል ያላትን ያኛው ባሏን ጠርቶ ያነጋግራል፣ ይኼኛው ባል የሌላትን ይመርጣል። ወንፊት የገለበጠ ሰው እንክርዳዱን እንደሚሰበስብ ማለት ነው።

ሕጋዊ በሚባልበት አገር እንኳ መስፈርቱ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ላሳይሽ። ዋሽንግተን ዲሲን፣ የኛ ሰው የሞላበትን ከተማ፣ ውሰጂ። እዚያ እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ እንዲህ ያለ ውል በእስራትና እስከ 10,000 ዶላር በሚደርስ ቅጣት የተከለከለ ነበር። በዚያ ዓመት ሲፈቀድም ሕጉ ሰሮጌቷ 21 ዓመት የሞላት፣ በሕይወት ያለ ልጅ የወለደች፣ የአካልና የአእምሮ ጤና ምርመራ ያለፈች ትሁን አለ። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በሥራ ላይ ያዋለው ሕግ ደግሞ ሰሮጌቷ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላት እንድትሆን ያዛል። በዲቪ የገባሽ ትችያለሽ፤ በጎብኚ ቪዛ የገባሽ ወይም የጥገኝነት መልስ እየጠበቅሽ ያለሽ አትችዪም። የራስሽ ጠበቃ ይኖርሻል፣ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። የጤና መድንሽ ከወለድሽ በኋላ 12 ወር ይቀጥላል፤ የሕይወት መድንም ይገባልሻል። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ሕግ አላት። እዚያ ፅንሱ ከመግባቱ በፊት ውሉ በከፍተኛው ፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት፣ ሰሮጌቷ የራሷ በሕይወት ያለ ልጅ ሊኖራት ይገባል፣ ከወጪ መተካት በስተቀር ክፍያ የለም። ህንድ ለዓመታት የዚህ ንግድ ገበያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ ክፍያውን ከልክላ ዕድሜን ከ25 እስከ 35፣ ቁጥሩንም በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ብቻ ብላ ወሰነች።

ገንዘቡንም ልንገርሽ፤ የምትጠብቂው እሱን ነውና። አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታረግዝ ሴት ከ40 እስከ 60 ሺህ ዶላር የሚደርስ ክፍያ የተለመደ ነው። አንድ ላይ የሚሰጥሽ እንዳይመስልሽ። ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን ሒሳብ ይቀመጣል፣ የፅንሱ የልብ ምት በአልትራሳውንድ ከታየ በኋላ በየወሩ ይለቀቃል። ፅንሱ ሳይጣበቅ ከቀረ የሚደርስሽ ለአንድ ሙከራ የተቆረጠው ትንሽ ገንዘብ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ለሳምንታት መድኃኒት አለ፤ ብዙ ጊዜ በዘይት የተሠራ የፕሮጄስትሮን መርፌ በየቀኑ መቀመጫሽ ላይ ትወጊያለሽ። ቦታው ይጠጥራል፣ ያብጣል፣ ሲቀመጡ ያማል። ማስታወቂያው ላይ ይህን አታይም።

ስለ ጤናም አንድ ቁጥር ያዢ። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ከሰሮጌቶቹ 7.8 በመቶው ከባድ የወሊድ ጉዳት እንደደረሰባቸው አሳይቷል፤ ለራሳቸው በተፈጥሮ ካረገዙት ሴቶች ግን 2.3 በመቶው ናቸው። ለራሳቸው በአይ ቪ ኤፍ ካረገዙትም 4.3 በመቶ ነው። ይህ የሆነው ነፃ ሕክምና ባለበት፣ መዝገብ በሚገላበጥበት አገር ነው። ስንት ፅንስ እንደሚገባብሽ የምትጠይቂውም ለዚህ ነው፤ ባለሙያዎቹ የሚመክሩት አንድ ብቻ ነው። «መንታ ይሁን፣ ጉርሻ አለው» ያለሽ ሰው የራሱን ሒሳብ እየሠራ ነው።

ሥርዓት በሌለበት አገር የሚሆነውን ደግሞ ካምቦዲያ ውስጥ የሆነው ይነግርሻል። ታይላንድ አንድ የአውስትራሊያ ባልና ሚስት ከመንታዎቹ አንዱን፣ ዳውን ሲንድረም ያለበትን ልጅ፣ ጥለው ሄዱ ከተባለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለውጭ ዜጎች በሩን ዘጋች። ኔፓልም በዚያው ዓመት ከለከለች። ንግዱ ወደ ካምቦዲያ ሄደ፤ እሷም በ2016 ከለከለች፣ ንግዱ ግን አልቆመም። በ2018 ፕኖም ፔን ውስጥ 32 እርጉዝ ሴቶች በሰው መነገድ ተከሰው ታሰሩ። የተፈቱት ልጆቹን ወልደው እንደ ራሳቸው ሊያሳድጉ ተስማምተው ነው። በ2024 ደግሞ ከፊሊፒንስ ተመልምለው የመጡ 13 እርጉዝ ሴቶች አራት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ሁለቱ ዓመት በገደብ ነበር። በንጉሡ ምሕረት ወደ አገራቸው የገቡት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ፖሊስ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ የሚገኘው ሆድ የያዘችው ናት፤ መልማዩ ሌላ አገር ተቀምጧል።

ወደ አገራችን ልመለስ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እናትነትን የሚያረጋግጠው በአንድ ነገር ነው፤ በመውለድ። እንቁላሉ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። አንቺ ከወለድሽ እናቱ አንቺ ነሽ፣ ባል ካለሽ ደግሞ ሕጉ አባቱ ባልሽ ነው ብሎ ይጀምራል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን የግዛቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የሰሮጌቷ ስም በእናትነት እንዳይጻፍ ፈቅዷል። ሁለቱ በጣም የተራራቁ ናቸው። እዚህ ወልደሽ ወረዳው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ብትሄጂ በእናትነት የሚጻፈው ያንቺ ስም ነው። ያስፈረሙሽ ውልም ቢሆን የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሕገወጥ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነ ውል ፈራሽ ነው ይላል። ሳይከፍሉሽ ቢቀሩ በምን ትከሳለሽ? ልጁ ታሞ ቢወለድና «አንፈልገውም» ቢሉሽስ? እናቱ አንቺ ነሽ፤ ታሳድጊያለሽ።

ይህን የማያውቅ ደላላ የለም ለማለት ይከብደኛል፤ ሊነግርሽ የሚፈልግ ግን የለም።

ልጅ ፈላጊዎቹንም አልወቅስም። መካንነት እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚያሳቅቅ አውቃለሁ፤ ራጉኤል ደጃፍ ስለት ተስላ፣ አንዋር መስጊድ ዱዓ አስደርጋ፣ ጸበል ለጸበል የዞረችን ሴት አውቃለሁ። ባሏ ሌላ አግብቶባት ዝም ያለችም አለች። ግን መጀመሪያ መሄድ የሚገባቸው ሩቅ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል፤ በመንግሥት ሆስፒታል አይ ቪ ኤፍ የተጀመረው እዚያ ነው። ከድልድዩ ታክሲ ቢይዙ ብዙም አይርቅም። ብዙዎቹ ሴቶች ማህፀናቸው ደኅና ሆኖ የተዘጋው ቱቦው ነው፤ ለዚያ የሌላ ሴት ማህፀን አያስፈልግም። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅም ይህን ዓይነት ሕክምና በሕግ ሥር ስላስገባው ጥንዶቹ ጠበቃ ይዘው ያንብቡት። የሃይማኖቱንም ነገር ከመጀመራቸው በፊት ይጠይቁ፤ በሱኒ እስልምና አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ከባልና ሚስቱ ውጭ ሦስተኛ ሰው እንዳይገባበት ከልክለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰው ስለሚረሳው። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ በዓመት ከ4,000 በላይ የኢትዮጵያ ሕፃናት በጉዲፈቻ ውጭ ይሄዱ ነበር። ከወላጆቻቸው መካከል ልጁ ተምሮ የሚመለስ የመሰላቸው ነበሩ። ወረቀቱ ሁሉ ማኅተም ነበረው። ምክር ቤቱ ጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን እስኪዘጋ ድረስ ስንት ፊርማ ተፈርሟል። ያኔም ፈራሚዋ ችግረኛ እናት ነበረች፣ ያኔም በመሃል የሚያገናኝ ሰው ነበረ።

ስለዚህ «አሟላለሁ ወይ?» ላልሽኝ መልሴ ይኼ ነው። አሜሪካ የምትኖሪ፣ መኖሪያ ፈቃድ ያለሽ፣ የራስሽን ልጆች የወለድሽ፣ ጤነኛ፣ ኑሮሽ ያልተናጋ፣ ባልሽም አብሮሽ የተስማማ ከሆነ ልታሟዪ ትችያለሽ። በራስሽ ጠበቃ፣ በራስሽ ፍላጎት ግቢበት፤ እኔ አልከለክልሽም። መርካቶ ሆነሽ በስልክ የመጣልሽን ፎርም ልትሞዪ ከሆነ ግን ጥያቄውን ወደ እነሱ አዙሪው። የሚወስዱሽ አገር ሕግ ለውጭ ሴት ይፈቅዳል? ያንቺ ብቻ የሆነ ጠበቃ አለ? ገንዘቡ ከመሄድሽ በፊት በማን ሒሳብ ተቀምጧል? ብትሞቺ ልጆችሽን ማን ያሳድጋል፣ የት ተጽፏል? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ሰው መስፈርቱን ያላሟላው እሱ ነው። ፓስፖርትሽን አትስጪው።